በሰኔ የቆመው ደመራ

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገበያ አንዲት ሴትዮ ከድንቿ ጎን አንድ እስር እንስላል አስቀምጣ አየሁና ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ልገዛው አልነበረም። እግሬ ዝሎ ስለነበር ጎንበስ ያልኩትም ለእረፍት ያህል ነው። ሽታው ግን ሳላስበው መንዝ ይዞኝ ሄደ፤ ከመሐል ሜዳ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወዳለው የአያቴ ግቢ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ሰኔ።

ደርግ ከወደቀ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ ለማንም ሳይናገር ጠፍቶ ስዊድን የገባው አጎቴ፣ ጋሼ ደምሴ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ሚስቱን ይዞ መጣ። ካሪን ትባላለች። ረጅም፣ ፊቷ በመንዝ ብርድ ቲማቲም የመሰለ፣ ቋንቋ ባይኖራትም ከሰው ሁሉ ጋር በእጇ የምታወራ ሴት ነበረች። አያቴ ልጃቸውን አቅፈው አልቅሰው ከወጣላቸው በኋላ ዓይናቸው ከምራታቸው ላይ አልነቀል አለ። ማጀት ገብተው ለእናቴ እንዲህ ሲሏት ሰምቻለሁ፤

“ልጄን የያዘችብኝ ይቺ ናት። ደስ ካላት ለከርሞም ይዛው ትመጣለች። ቅር ካላት ግን አበቃ፣ ዓይኑን ሁለተኛ አላየውም።”

ስለዚህ ካሪን በአገሯ በሰኔ አጋማሽ ትልቅ በዓል እንዳለ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ በቅጠልና በአበባ ያጌጠ እንጨት አቁሞ ዙሪያውን እንደሚጨፍር በጋሼ ደምሴ አስተርጓሚነት ስትነግረን፣ አያቴ አፍታም አላሰቡ። “እዚሁ እናከብርላታለን” አሉ።

የእኛን አገር ሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል። የበልግ ገብስ አጨዳ ላይ ነበርን። ክረምቱ ደጃፍ ደርሷል፣ ጉሙ በጓሳ በኩል ይወርዳል፣ ዝናብ ሳይቀድመን እህሉን እናስገባ ሲባል የትልቅ የትንሹ ወገብ ተቆርጧል። በዚያ ላይ የሰኔ ጾም ነው። አባቴ ደፈር ብሎ “እማዬ፣ የሰው አገር በዓል፣ በጾም መሐል፣ በአጨዳ መሐል...” ሲል ሳያስጨርሱት “አንተ ልጆችህ ጉያህ ስር ናቸው፤ ምን አለብህ!” አሉት። 

ሦስት ቀን ለፋን። ለሰኔ ሚካኤል ዝክር ከተጠመቀው ጠላ ግማሹ እንዲተርፍ ተደረገ። አባቴ ከአጨዳ መልስ መሐል ሜዳ ድረስ ሄዶ ሦስት ጣሳ ሰርዲን ይዞ መጣ፤ ያለ ዓሣ በዓሉ በዓል አይሆንም ተብሏል። እኛ በጾም ስለማንነካው ጣሳው ሁሉ ለእሷ ብቻ ቀረ። እኔና የአክስቴ ልጆች አበባ ልቀሙ ተባልን። አበባ በሰኔ ከየት ይመጣል? መስኩን ስናስስ ውለን ያገኘነው አንድ እፍኝ የማይሞላ ነው። ካሪን ግን በአጥሩ ስር እንስላል ስታይ እንደ ልጅ ጮኸች። እኛ የምናውቀው ለሆድ ቁርጠት ነው፤ እሷ የተቀቀለ ድንች ላይ ነሰነሰችው። ድንቹ መድኃኒት መድኃኒት አለን። አያቴ በዓይናቸው ስላፈጠጡብን “ይጣፍጣል!” እያልን በላን።

የበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘመዱ ሁሉ ከነማጭዱ ከማሳ መጣ። ድካሙ ከፊቱ ላይ ይነበባል። ቅጠል የለበሰው ረጅም ባሕር ዛፍ ግቢው መሐል ቆመ። ካሪን ከሣርና ከአበባችን አክሊል ጎንጉና በአያቴ ሻሽ ላይ ደፋችላቸው። ከዚያ ጭፈራውን አሳየችን፤ እጅ ለእጅ ተያይዞ መዞር፣ ኋላ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ እንደ እንቁራሪት መዝለል። ጉልበታቸውን ለስግደት እንኳ በመቋሚያ የሚያጥፉት አያቴ ቁጢጥ አሉና ዘለሉ። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። እኔ ግን የአያቴን ፊት አይቼ ሳቄ ጠፋ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር የሚዘሉት። ጋሼ ደምሴ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ያየናል። ሲጠሩት ያስተረጉማል፤ ሲተዉት ሰዓቱን ያያል። ማንም ልብ አላለውም፤ ሁላችንም የምናየው ካሪንን ነበር።

መሸትሸት ሲል ካሪን ፎቶ ማንሻዋን ልታመጣ ወደ ቤት ገባች፤ ጋሼ ደምሴም ብርዱን ሽሽት ተከተላት። ያን ጊዜ የአያቴ ታላቅ ወንድም፣ አባባ ጌጡ፣ ከተቀመጡበት ተነሱ። በየዓመቱ የመስቀል ለት የሰፈራችንን ደመራ የሚለኩሱ እሳቸው ናቸው። እንጨት ቆሟል፣ በቅጠል ተሸልሟል፣ ሕዝቡ ዞሮታል፤ ታዲያ ምን ቀረ? ሰማዩን አንጋጠው አዩና “ዝናብ ሊቀድመን ነው፤ የሰው በዓል እናበላሽ?” አሉ። እርጥብ ቅጠል እሳት አልይዝ እንዳይላቸው ደረቅ የገብስ ገለባ በእቅፍ እያመላለሱ በዙሪያው ከመሩ። አባቴ አገዛቸው። እኔም አግዣለሁ። ከዚያ ጸሎት አድርሰው ለኮሱት።

ነበልባሉ ሲነሳ እልልታው ቀለጠ። እንጨቱ በየት በኩል እንደሚወድቅ ለማየት ሁሉም አንገቱን አሰገገ። እንደዚያ ሞቅ ያለ ነገር ቀኑን ሙሉ አልነበረም፤ በመጨረሻ የምናውቀው በዓል ሆነልን! ካሪን ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ጋሼ ደምሴም ከኋላዋ። እጇ አፏ ላይ ሄደ።

አያቴ ፊቷን አዩ። “ደምሴ፣ ምን አጠፋን?” አሉ።

“እዚያ አይቃጠልም፣ እማዬ” አለ ጋሼ ደምሴ በቀስታ። “እንደቆመ ነው የሚተወው።”

እልልታው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። አባባ ጌጡ ችቦው እጃቸው ላይ ቀረ። አያቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ካሪን ሄዱና “ማሪኝ ልጄ፣ ባለማወቅ ነው” እያሉ ጉልበቷ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዘቻቸው። እያለቀሰች ነበር፤ ወዲያው ደግሞ መሳቅ ጀመረች። “ከዚህ በኋላ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?” ብላ አስጠየቀች። አባባ ጌጡ እሳቱ ሲበርድ አመዱን በጣታቸው ነክተው በግንባሯ ላይ የመስቀል ምልክት አደረጉላት። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች። አያቴ “ተመስገን፣ አልተቀየመችም” ብለው መደብ ላይ ተዘረሩ። እንደዚያ ደክሟቸው አይቻቸው አላውቅም።

ለከርሞ አልመጡም። በዓመቱም አልመጡም። በየዓመቱ የሚመጣው የካሪን ደብዳቤ ነው፣ ከፎቶግራፍ ጋር። አያቴ ፎቶውን ሳም ያደርጉና “አቃጥለንባታላ፤ ምን ታድርግ” ይላሉ። አንዳንዴም ሲብስባቸው “ጉልበቴን እስክጥል ዘልዬላት!” ይላሉ። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ እንግሊዝኛውን እያነበብኩ የምተረጉም እኔ ሆንኩ። በአንዱ ደብዳቤ መሐል ላይ ስደርስ ድምፄ ቆመ።

“ምነው ቆምሽ? አንብቢው እንጂ” አሉ።

አነበብኩላቸው። “እናታችን እንዳይቀየሙኝ ነው ይህን የምጽፈው። በየዓመቱ እንሂድ እለዋለሁ። ባለፈው ትኬት ሁሉ ቆርጬ ነበር። አልሄድም ያለው እሱ ነው” ይላል።

 አያቴ “ይቺን ምስኪን በከንቱ ስወቅሳት ኖሬያለሁ” አሉ። “የምለምነውስ ሌላ ሰው ኖሯል።” ጋቢያቸውን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝና ተከናንበው ተኙ። ከዚያ ወዲያ ለከርሞ ይመጣሉ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ።

ያን ጊዜ ቢያንስ የሚለፋው ብዙ ነበር፤ አንዱ ሲያማርር ሌላው ይቆርጣል፣ ሌላው ይሸከማል። ዛሬ በዓል ሲደርስ የምለፋው ብቻዬን ነው። ለስድስት ሰው የሚበቃ ሠርቼ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ሆነን እንበላለን። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ በመኪና ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። ከመጣ አራት ዓመት አልፎታል። በዋዜማው ሁልጊዜ ለሚስቱ እደውላለሁ፤ እለማመጣታለሁ፣ ልጆቹ የሚወዱትን እንደሠራሁ እነግራታለሁ። እሷም “እስቲ እንሞክራለን እትዬ” ትላለች። ስልኩን ዘግቼ “ይቺ ሴትዮ ወንድሜን ነጠቀችኝ” እያልኩ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ። እሱ ጋ ደውዬ ጠይቄው አላውቅም። የሚለኝን እፈራለሁ።