ውሃ የጠጣው ፊልም

የባቡሩን የጭነት ቢሮ ሥራዬን የለቀቅኩ ቀን አባቴ ምሳ አልበላም። ያቺን ወንበር ያስገኘልኝ እሱ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የፉርጎ የብረት ጎማ በመዶሻ እየመታ፣ ስንጥቁን ከድምፁ ብቻ እየለየ ባፈራው ክብር። በደርግ ዘመን የመንግሥት ደመወዝ ጥሎ የሚወጣ ሰው ወይ ሊኮበልል ነው ወይ አብዷል። እኔ ፊልም ልሠራ ነው ብል ቀበሌው ሥራ ፈት ብሎ መዘገበኝ፤ አባቴ ደግሞ እብደቱን አመነ።

በእጅ የምትያዝ፣ ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ የገባች ካሜራ ነበረችኝ። ልቀርጽባት የፈለግኩት የአባቴን ሙያ ነው። ስንት ወር ለምኜው በመጨረሻ እሺ አለ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያልነካውን መዶሻ አንስቶ፣ ከጣቢያው ጀርባ በቆሙት አሮጌ ፉርጎዎች መሃል ሦስት ቀን ሙሉ ሠራልኝ። ሞራ ዓይኑን እየጋረደው ነበር፤ ሰላም የሚለውን ሰው በድምፅ መለየት ጀምሯል። ስንጨርስ መዶሻውን መሬት አስቀመጠና፣ «ሥራህን የጣልክበትን ነገር ዓይኔ ሳይጠፋ አሳየኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም» አለኝ።

ፊልም የሚታጠበው ውጭ አገር ነው፤ ጅቡቲ ያለ ፎቶ ቤት ተቀብሎ ወደ ፈረንሳይ ይልካል። ፈቃድ ልጠይቅ ብል ዓመት ያልፋል፤ ያለ ፈቃድ ኬላ ላይ ቢያዝ ደግሞ እኔው እያዛለሁ። ስለዚህ በባቡር ወደ ጅቡቲ ጫት የምታመላልስ የቀፊራ ገበያ ነጋዴ፣ የድሮ ጎረቤታችንን ለመንኳት። ፊልሙን በጨርቅ ጠቅልዬ በራሴ እጅ ከአንድ የጫት እስር መሃል ደበቅኩትና፣ እስሩን ለፎቶ ቤቱ ባለቤት እንድታደርስልኝ ሰጠኋት። ውስጡ ምን እንዳለ አልነገርኳትም፤ ካላወቀች ብትጠየቅም አትደነግጥም ብዬ ነው።

ስትመለስ ሱቋ ሄድኩ።

«አቦ፣ አታስብ! በእጁ አስረክቤልሃለሁ» አለችኝ እየሳቀች። «ያንተን እስር ወላሂ ለብቻው ነው የተንከባከብኩት። ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ውሃ አርከፈከፍኩበት፤ ጅቡቲ ሲገባ አሁን የተቆረጠ ይመስል ነበር።»

ምን ልበላት? ለእኔ ብላ ነው የደከመችው። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ጫት እንዳይጠወልግ በመንገዱ ሁሉ ውሃ እንደሚጠጣ የረሳሁት እኔ ነኝ። አመስግኛት ወጣሁ። ያም ሆኖ ጨርቁ አድኖት ይሆናል እያልኩ አራት ወር ጠበቅኩ። የአባቴ ሞራ ግን እኔን አልጠበቀም።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ከአንድ ፎቶ ቤት ፕሮጀክተር ተዋስኩ። በምሳ ሰዓት፣ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ በሩን ሲዘጋ፣ መስኮቶቻችንን በብርድ ልብስ ጋረድኳቸው። ቀድሜ ብቻዬን ላየው ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁ። አባቴ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ከግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጠ። ማሽኑ መዞር ጀመረ። ግድግዳው ላይ ቡናማ እድፍ መጣ፣ ሄደ፤ ሌላ እድፍ መጣ። ሰው የለም፣ መዶሻ የለም፣ ፉርጎ የለም።

አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ዓይኑን በመሐረብ ጠርጎ እንደገና አየ።

«ልጄ፣ ምንም አልታይ አለኝ። ዓይኔ ነው ወይስ ፊልሙ?»

በጣም ደክሞኝ ነበር። አፍሬም ነበር። ያንን ሁሉ ነገር ጥዬ ያመጣሁልህ እድፍ ነው ማለት አቃተኝ።

«ፊልሙ ደህና ነው፣ አባዬ» አልኩት። «ዓይንህ ነው።»

«ደህና ከሆነ እሰየው» አለ። ፊልሙ እስኪያልቅ ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሳ ተቀመጠ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ዱላውን ይዞ ብቻውን ጣቢያ ደርሶ ይመለስ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆመና እጁን ዘረጋልኝ፤ «ከእንግዲህ አንተ ምራኝ» አለኝ።