የማሽኑ ክፍልና የእናቴ ጋቢ

«እምምም» የሚለው ድምፅ የመጣው ከወለሉ ሥር ነው። ኮሮና ገብቶ ጆሃንስበርግ በሯን በዘጋችበት ሰሞን፣ ጀፕስታውን ካለው ከልጄ ሱቅ በላይ ባለችው ቤት ተቀምጬ፣ የታክሲው ጡሩምባም የደንበኛው የ«ሳውቦና» ሰላምታም ጠፍቶ ዝምታው ጆሮዬን ሲያሳክከኝ፣ ከታች የለስላሳ ማቀዝቀዣዎቹ ያለ ገዢ ብቻቸውን ያጉረመርሙ ነበር። ዓይኔን እንደጨፈንኩ «አባባ፣ ካርዱ አልቋል» አልኩ። የልጅ ልጄ ሰላም ከስልኳ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ የምን ካርድ? ኤርታይም ነው?» አለችኝ። ሰባን የተጠጋሁ ሽማግሌ አባቴን እየጠራሁ መሆኔ ሲገባኝ አፈርኩ፤ ደግነቱ ምራቴ ምህረት ቤት ውስጥም ማስክ አታውልቁ ስለምትል፣ እፍረቴን ማስኩ ሸፈነልኝ።

አባቴ አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ያንቀሳቅስ ነበር። ኮምፒውተር ስል ሰላም የምትይዘውን እንዳይመስላችሁ፤ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ብረቶች አንድ ክፍል ሞልተው፣ በገመድ ተያይዘው የሚያጉረመርሙ፣ የሚሠሩትንም ሥራ በተበሳሳ ወፍራም የወረቀት ካርድ የሚቀበሉ ነበሩ። እኛ በአጭሩ «ማሽኑ» እንለው ነበር። ማሽኑ ሙቀት አይወድም ተብሎ ክፍሉ ሁልጊዜ ይቀዘቅዝ ስለነበር፣ በጠራራው በጋ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ አባቴ ጣቶቹ ደንዝዘው፣ አፍንጫው እየፈሰሰ ወደ ቤት ይገባ ነበር። እኔ ደግሞ ለሰፈር ልጆች ማሽኑ የማያውቀው ነገር የለም ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ስለነበር፣ «እስቲ ነገ ይዘንብ እንደሆን ጠይቅልን» ባሉኝ ቁጥር፣ «ሰሞኑን ሥራ በዝቶበታል» እያልኩ አመልጥ ነበር።

አንድ በጋ እናቴ ጥጥ ገዝታ፣ ፍሬውን ለቅማ፣ ባዘቶ አድርጋ፣ እንዝርቷን እያሾረች ትፈትል ጀመር። ፋሲካ አልፎ ግንቦት ሲገባ ሸማኔው ሠርቶ አመጣው፤ ገና ሲነኩት ብናኙ የሚነሳ፣ ወፍራም፣ ባለ አራት ድርብ ጋቢ ነበር።

«ይኸን ለብሰው ይግቡ» አለችው አባቴን።

«አንቺ ሴት፣ እዚያ እኮ ፈረንጅ ይመጣል።»

«ፈረንጁ ይብረደው!» ብላ ትከሻው ላይ ጣለችበት።

ክረምት ሲገባና ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አባቴ አለቃውን አስፈቅዶ ካርድ እንዳስተካክል አስገባኝ። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ስስ ነጭ ካፖርት ደርበን ነበር የምንገባው። ሥራዬ የካርዶቹን ጠርዝ ጠረጴዛ ላይ እያንኳኳሁ ካስተካከልኩ በኋላ ለሚያነብባቸው ማሽን ማቀበል ነበር፤ እሱም ቅጠል እንዳገኘ ፍየል ተተተተ እያለ ይግጣቸው ነበር። ምን እንደሚሠራ አንድም ነገር አልገባኝም። አለመግባቱን ላለማሳወቅ ግን ግንባሬን ቋጥሬ ራሴን ወደ ላይ ወደ ታች እነቀንቅ ነበር፤ በዚህችው ዘዴ ዛሬም ሰላም ስልኳን ስታስረዳኝ እጠቀማለሁ። አባቴም አለቃው ወጣ ሲል ጋቢውን ከካፖርቱ ላይ ደርቦ፣ በብረቶቹ መሃል ቀስ እያለ ሲመላለስ፣ ቅዳሴ የገባ ቄስ ይመስል ነበር።

ነሐሴ ላይ ማሽኑ ታመመ። ካርድ ስንሰጠው ይታነቃል፣ ይተፋል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ጎትቶ ያጨማድዳል። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ቆመ። አንዱ መብራቱ ነው ሲል፣ ሌላው የዝናቡ እርጥበት ነው ሲል፣ አለቃው አባቴን ጠርቶ፣ «የተነካካ ነገር አለ። ምክንያቱ ካልተገኘ ማሽኑ በአንተ እጅ ነው የተበላሸው፤ ከሥራ ትወጣለህ» አለው። ቤታችን በሱ ሥራ ብቻ ነበር የሚተዳደረው፤ ራት ቀርቦ ማንም እጁን አልሰደደበትም።

«ዓይን ነው» አለች እናቴ፣ «ጠበል ልስጥዎትና ይርጩበት።»

«ውሃ የነካው ቀንማ ከሥራ ሳይሆን ከአገር ነው የሚያባርሩኝ» አላት፤ ድምፁ የሳቅ ይሁን የልቅሶ አልለየሁም።

በመጨረሻ አንድ ፈረንጅ መካኒክ ሻንጣውን ይዞ መጣና፣ ካርድ አንባቢውን ከፍቶ፣ ከጥርሶቹ መሃል በመቆንጠጫ ነጭ ነገር ጎትቶ አወጣ። ሌላው ሰው ግራ ገብቶት እርስ በርሱ ሲተያይ፣ እኔ የማሽኑ አንጀት መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። የጥጥ ብናኝ ነበር፤ ተጠቅልሎና ተገምዶ፣ ማሽኑ ራሱ የፈተለው ይመስል ነበር። አባቴ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣና፣ «ከእኔ ጋቢ ነው፤ ባለቤቴ የሠራችልኝ» አለ። አለቃው ሊፈነዳ ሲል መካኒኩ ሳቀ፣ በሌላ አገርም ሹራብ እንዲህ አድርጎ ያውቃል አለ፤ ያ ሳቅ አባቴን አተረፈው። ከዚያ ወዲያ ግን ጥጥም ሆነ ሱፍ ደርቦ ከተገኘ ሥራው እንዳበቃ እንዲቆጥረው ተነገረው።

እቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«እህሳ?» አለች።

«ማሽኑ ብርድ መቶት ኖሯል፤ አሁን ድኗል» አላት አባቴ።

«አላልኩም? ብረት ያሳመመ ብርድ ሰውንማ!» ብላ ጋቢውን እስከ አንገቱ ሳበችለት።

ከዚያ በኋላ አባቴ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን ለብሶ ከቤት ይወጣና፣ መሥሪያ ቤቱ በር ሲደርስ አውልቆ ዘበኛውን ጋሽ ወልዴን ያለብሰው ነበር። ጋሽ ወልዴ እንደ ባላባት ተጀቡኖ ሲያንቀላፋ ይውላል፣ አባቴ ከውስጥ ጥርሱን ሲያፋጭ ይውላል፣ ማታ ጋቢው ወደ አባቴ ትከሻ ይመለሳል። «አባባ፣ ለምን አትነግራትም?» ብለው፣ «ምን ብዬ? የፈተልሽው ሊያስባርረኝ ነበር ብዬ? ይልቅ ካርድህን አስተካክል» አለኝ። መስከረም ጠብቶ እኔ ወደ ትምህርቴ ስመለስ፣ ጋቢው ግን በዚያው መንገድ መመላለሱን ቀጠለ።

እስከ ዛሬ ግራ የምታጋባኝ እናቴ ናት። ጋሽ ወልዴ ሱረት ይወድ ነበር፤ ማታ አባቴ በሩን ሳያልፍ የጋቢው የሱረት ሽታ ቀድሞት ይገባ ነበር። እናቴ ደግሞ ጎረቤት ቤት ምን እንደበላሁ ከሩቅ አሽታ የምትናገር ሴት ነበረች። ያን ጋቢ እያጠበች፣ እያሰጣች፣ እያጠፈች፣ አንድም ቀን «ይህ የማን ሽታ ነው?» አላለችም። ታውቅ ነበር? ካወቀችስ፣ እሱ ካልለበሰው ዘበኛውም ይሙቀው ብላ ትታው ነው? እሷም አባቴም አልፈዋል፣ የምጠይቀው የለም። ሰሞኑን ይህ በሽታ ማሽተት ይነጥቃል ሲሉ ብሰማ፣ «እናቴን ያኔውኑ ይዟት ኖሯላ!» ብዬ ብቻዬን ስስቅ፣ ምህረት ትኩሳቴን ልትለካ ሮጣ መጣች።

ያኔ ማሽኑ እንዳይታመም ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ነጭ ለብሶ ይገባ ነበር፤ አሁን ማሽኑ እንዳሻው በየኪሱ ሲዞር፣ ጫማ ተወልቆ፣ እጅ ታጥቦ የሚገባው እኔ ዘንድ ነው። እዚህ ሰኔ ዝናብ የለውም፣ ደረቅ ብርድ ብቻ ነው። ትናንት ምህረት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «አባባ፣ በርዶዎታል አይደል? ማሞቂያውን ላምጣልዎት?» አለችኝ። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ማሞቂያ ነው፣ እሱም የምህረት ሕፃን ልጅ አልጋ አጠገብ ነው። የእግሬ ጣቶች ይኑሩ አይኑሩ እርግጠኛ አልነበርኩም።

«ኧረ ምህረትዬ፣ ላብ በላብ ሆኛለሁ» አልኳት።

ትንሽ ቆማ አየችኝ። ፊቷ እስከ ዓይኗ ድረስ በማስክ ተሸፍኖ ስለነበር፣ አምናኝ እንደሆን አላወቅሁም። የእናቴ ፊት ግን ያን ሁሉ ዓመት ምንም አልሸፈነውም ነበር፤ እሱንም ማንበብ አልቻልኩም።