ዐብዲጀባር የቆጠረው የጥጥ እርሻ ትውልድ

ዐብዲጀባር ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ ባለው የጥጥ እርሻ አርባ ዓመት በዘበኝነት ኖሯል። ባለቤቶቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ እሱና በእርሻው መካከል ያለችው ቆርቆሮ ቤቱ ግን አልተነቃነቁም።

በ2014 ዓ.ም. ናሁሰናይ የሚባል ባለሀብት እርሻውን ሊረከብ ከአዲስ አበባ መጣ። መጀመሪያ የተናገረው ቤቷ ፈርሳ በቦታዋ የውኃ ሞተር እንደሚተከል ነው።

የመሬቱን ፋይል ምስጥ በልቶት ስለነበር፣ የመሬት ቢሮ ባለሙያዋ ሪሐና የባለቤቶቹን ታሪክ ከእኛ ከአካባቢው ሽማግሌዎች አፍ ልትጽፍ መጣች። እኛ ደግሞ አናውቀውም። የሚያውቀው ዐብዲጀባር ብቻ ነው።

የሶማሌ ልጅ አፉን ከፈታ ጀምሮ የአባቶቹን ስም እስከ ሃያ መቁጠር ይማራል። ዐብዲጀባርም የእርሻውን ባለቤቶች እንደዚያው ከልጅ ወደ አባት ዓይኑን ጨፍኖ ቆጠራቸው።

«ናሁሰናይ፣ ዐብዲጀባር፣ ማቲ፣ ሳቢር፣ መንግሥት፣ ሰይፈ!»

«ኧረ የኔ አባት አምሀ ነው!» አለ ናሁሰናይ።

«በሥጋ አምሀ ነው። በጥጥ እኔ ነኝ።»

ሪሐና እስክሪብቶዋን አነሳች። «አዴር፣ አጎቴ፣ እርስዎ ዘበኛ አይደሉም እንዴ?»

«ስሚኝ ልጄ። ግራዝማች ሰይፈ ዘራው፤ መንግሥት ወረሰው። ሐጂ ሳቢር ተረከበና ፍየል አስበላው። ማቲ አንበጣ ሲያይ አንድ ጫማውን እዚህ ጥሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥጡን ማን ለቀመው? ጂኒ ነው?»

«እንግዲያው ስምዎን ሰርዤ ናሁሰናይን ከማቲ ልቀጥል» አለች ሪሐና።

የሁላችንም ታላቅ የሆነው አደን በዱላው መሬቱን መታ። «ከመካከል አንድ አባት ከወጣ የቀረው ከየት ተወለደ ሊባል ነው? ይህን ልጅ መንገድ ላይ የተገኘ ልታደርጊው ነው?»

ሁላችንም ለናሁሰናይ አዘንን። እሱ ግን ሰማዩን አየ፤ ደመናው ከብዷል፣ ዘሩም ገና በጆንያ ነው። «ይጻፉት በቃ! ዝናቡ ሊያመልጠኝ ነው።»

ተጻፈ። አስረካቢ በሚለው ቦታ ላይ የሚፈርመውም ዐብዲጀባር ሆነ። አውራ ጣቱን ቀለም ካስነካ በኋላ ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፍ አየር ላይ አቆመው።

«ልጄ፣ እርሻውን ሰጥቼሃለሁ። ግን አባት በሕይወት እያለ ቤቱ ይፈርስበታል?»

«ነውር ነው!» አልን ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ።

ናሁሰናይ ሳቁ አመለጠው። «እሺ አባዬ፤ አይፈርስም» አለና ሪሐና ይህንኑ እንድትጽፍ ነገራት። የዐብዲጀባር ጣት ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

የናሁሰናይ ሠራተኞች ሞተሩን ሌላ ቦታ ሊተክሉ ተሸክመው በእርሻው ዳር ወዳለው የቁልቋል አጥር ሲያዘግሙ ዐብዲጀባር ከኋላቸው ተከተለ።

«ቀስ በሉ! እርሻዬን እንዳታበላሹ!»

ሪሐና «እርሻዬን» ሲል ስትሰማ፣ ቆጠራው እንደገና ሳይጀመር ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ መኪናዋ ሮጠች።