የሎግያው ጠበል

ሰው ገመናዬን መከታተሉ ቢያደክመኝ፣ ለሦስት ቀን ብቻዬን አፋር በረሃ ሎግያ ከተማ ወርጄ ልረፍ አልኩ። ባለትዳር ሴት ብቻዋን ሎግያ ምን ልታደርግ እንዳልባል፣ መርሳ ከተማ ላሉት ጎረቤቶቼ እዚያ ጠበል ልሄድ ነው አልኳቸው። ሆቴል ግቢ ጥላ ስር ተዘርግቼ ለስላሳ ስጠጣ ሰነበትኩና፣ መመለሻዬ ሲደርስ ከጠበል ባዶ እጅ እንደማይመጣ ትዝ አለኝ። ከሆቴሉ ቧንቧ አንድ ጀሪካን ሞላሁ።

ቤት እንደገባሁ ጎረቤቴ አስካለ ወገቤን አመመኝ ብላ ጠበል ፍለጋ መጣች። ከጀሪካኑ ቀድቼ ሰጠኋት፤ አማትባ ተጎነጨች። ጨው ጨው የሚለውን ውሃ አጣጣመችና «የትኛው ሆቴል አረፍሽ?» አለችኝ።

«የምን ሆቴል? ጠበል ነው እንጂ።»

«ተይ እቴ፣ አምና ለጉልበትሽ ያመጣሁልሽ ጠበልም ከዚያው ከሎግያ ቧንቧ ነበር።»

እኔኮ በዚያ ውሃ ጉልበቴ መዳኑን ለሰፈሩ ሁሉ ስመሰክር ነው የከረምኩት።