ለእትዬ ሐዋ ያደስኩት መጸዳጃ ቤት

በደርግ ጊዜ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አስተማሪ ሆኜ ስኖር የገጠመኝ ነው። ብዙ ዓመት አለፈው። ግን ሰው ባኮረፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፣ ብቻዬን ሆኜም አፍራለሁ።

የተከራየኋት የቀበሌ ቤት ከእትዬ ሐዋ ክፍል ጋር ግድግዳ ትጋራለች። እትዬ ሐዋ ባልቴት ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ታይፎይድ በያዘኝ ጊዜ እንደ እናት ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ በዚያ ክረምት ወደ ግቢው የጋራ ሽንት ቤት ሲሄዱ ጭቃው አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ተጎዳ። ሐኪሙ ቁጢጥ ማለት ከለከላቸው። ሁለተኛ ከወደቁ መነሳት እንደሌለም ነገረን።

ከክፍላቸው ጀርባ የዕቃ ማጎሪያ የሆነች አንዲት አሮጌ መጸዳጃ ቤት ነበረች። እሷን ላድስ ተነሳሁ። ግንበኛ ለመቅጠር አቅም የለኝም። ሲሚንቶ የሚገኘው በቀበሌ ወረቀት ስለነበር ከብዙ ምልልስ በኋላ ግማሽ ኩንታል ተፈቀደልኝ። ከፈረሰ አጥር ጡብ ለቀምኩ፣ አሸዋ በባልዲ ተሸከምኩ። የግቢው ሰው «አስተማሪዋ ግንበኛ ሆነች» እያለ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ሲስቁብኝ ይብስብኛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግድግዳውን ለስኜ ኖራ ቀባሁ፣ ጉድጓዱ ላይም ከፍ ያለ የጡብ መቀመጫ ሠራሁ። ብርሃን እንዲያገኙ ብዬ ሲቀመጡ ፊታቸው ወደ መስኮቱ እንዲሆን አደረግሁት።

እትዬ ሐዋ አይተው መረቁኝ። ግን አልገቡበትም። ዛሬ ነገ እያሉ ሰነበቱ። ውሃ መጠጣት ተዉ፣ ምግብም ቀነሱ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በምርኩዝ ወደዚያው ጭቃ ሲወጡ አየኋቸው። ስጠይቃቸው ልማድ ሆኖባቸው እንደሆነ ነገሩኝ።

ድካሜን የናቁብኝ መሰለኝና ሦስት ቀን አላናገርኳቸውም። ሲያቃስቱ በግድግዳው እሰማለሁ። አኩርፌያለሁና ዝም።

ቅዳሜ ዕለት፣ ምናልባት ውሃ ቢገባለት ይወዱት ይሆናል ብዬ የቧንቧ መክፈቻ ፍለጋ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። እግራቸው ሥር ትንሽ ሲሚንቶ በጆንያ ይዘዋል፤ ሐይቅ ከተማ ላለች ልጃቸው የቤት ወለል ማሠሪያ ነው። ሲሚንቶውን ሳይ ሆድ ባሰኝና የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ ብሶቴን ሁሉ ዘረገፍኩባቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ሴትዮዋ ስማቸው ማነው?» አሉኝ።

«እትዬ ሐዋ።»

«ሲቀመጡ ፊታቸው ወዴት ነው?»

ወደ መስኮቱ ነው፣ መስኮቱም ወደ ሰሜን፣ ወደ ቦሩ ሜዳ በኩል ነው አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያ እኮ ቂብላ ነው። ወደምንሰግድበት ዞረን አንጸዳዳም። ልብሽ እንዳይሰበር ብለው ነው ያልነገሩሽ።»

እትዬ ሐዋ ወደዚያ ዞረው ሲሰግዱ በየቀኑ አያለሁ። ማየት ብቻ ነው እንጂ አላስተዋልኩም።

ደሴ ስንደርስ ሽማግሌው ሐይቅ መሄዳቸውን ትተው ከእኔ ጋር ወረዱ። «አብሽሪ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አሉኝ። መቀመጫውን አፍርሰው ወደ ጎን አዞሩት። የልጃቸው ሲሚንቶ እዚያው አለቀ። ገንዘብ ላውጣ ስል የእትዬ ሐዋ ዱዓ እንደሚበቃቸው ነግረውኝ ሄዱ።

እኔም እትዬ ሐዋ እግር ላይ ወድቄ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው።

«በጀርባሽ አሸዋ ተሸክመሽ የሠራሽውን፣ አፍርሺው ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር?» አሉኝ። «እሱን ከምነግርሽስ ብወድቅ ይቀለኝ ነበር።»

ሲሚንቶው እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን ገብተው ወጡ። ከዚያ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ውሃ ስጪኝ አሉኝ። አንድ ጣሳ ሙሉ ጠጥተው ደገሙ። እኔ ጣሳውን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

እትዬ ሐዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ልጃቸውም በሰላም ተመለሰላቸው። ሽማግሌውን ግን ዳግም አላገኘኋቸውም። ዛሬም የማስባት ሐይቅ ያለችውን ልጃቸውን ነው። አባቷ ባዶ እጃቸውን ሲመጡ ምን ብለው እንደነገሯት አላውቅም። ባገኛት ግን ለወለልሽ በተያዘው ሲሚንቶ ላይ ነው እናቴን እትዬ ሐዋን ያቆምኳቸው ብዬ እጇን እስም ነበር።