እንሰት የፋቀ እግር

ልጄ አዲስ አበባ ስትማር የብራዚል ጁጂትሱ የሚባል ትግል ለመደች። ለእረፍት ቡታጅራ ስትመጣ፣ «ስመለስ ውድድር አለብኝ» አለችን። አባቷ ጉርሻውን ሳይውጥ፣ «ሴት ልጅ መሬት ላይ ልትንከባለል? አትሄጂም!» አላት።

እሷ ግን ልምምዷን አልተወችም። የሚታገላት ስታጣ እኔን፣ አምስት የወለድኩትን፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ አወረደችኝ።

የምትወደው ጀርባ መያዝ ነው። ከኋላ ትጠመጠሚና እግሮችሽን በተጋጣሚሽ ወገብ አዙረሽ ትቆልፊያለሽ፤ ከዚያ ክንድሽ ሊያንቀው ወደ አንገቱ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን ጀርባዬ ላይ ስትወጣ እኔ ምኑን አውቄ! እጄ ራሱ ወደ ኋላ ሄዶ ቂጧን ደገፈ፤ ጎንበስ ብዬ እሹሩሩ ማለት ጀመርኩ።

«እማ፣ ተከላከይ እንጂ አትዘይኝ!»

ተራዬ ደርሶ እኔ ስይዛት ግን መላወሻ አጣች። «ይሄን እግር ማን አስተማረሽ?»

ማን ያስተምረኛል? መስቃን ገጠር ሳድግ እንሰት የምንፍቀው ሳንቃ ፊታችን አቁመን፣ መሬት ተቀምጠን ነው። አንድ እግር ወደ ላይ ተነስቶ እንሰቱን ከሳንቃው ጋር ጨምድዶ ይይዛል፣ እጅ ይፍቃል። እግር ከላላ ቆጮ የለም።

አንድ አርብ አባቷ ከጁምዓ ሲመለስ እንዲህ ተያይዘን አገኘንና ሳቀ። «ይሄ ነው ትግል? እኔ ብሆን አንዴ ነው የማራግፍሽ።»

«ካላራገፍከኝ ልጅቷ ትሄዳለች?»

«ትሂድ!» ብሎ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ።

ከኋላው ተጠመጠምኩ። አንገቱን ተውኩለት፤ ባል ነው። ወደ ግራ ተወራጨ፣ ወደ ቀኝ ተወራጨ፣ በመጨረሻ እኔን እንዳዘለ ብድግ አለ። መጋረጃው ጋ ስንደርስ በሩ ላይ፣ «አሰላሙ አለይኩም!» የሚል ድምፅ መጣ። መሰላል ሊዋሱ የመጡት ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አልኩ ከላይ ሆኜ።

«ምነው፣ አመማት እንዴ?»

«አዎ... ሐኪም ቤት ላደርሳት ነው» አለ ባሌ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ።

«ታዲያ ባጃጅ አይሻልም?»

ልጄ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ «አባዬ፣ ልሂድ?» አለች።

«ሂጂ! መጀመሪያ ግን እናትሽን አውርጂልኝ።»

ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ሚስት አጥሚት ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ምን ይደረግ፣ ብርድ ልብስ ለብሼ ጠጣሁት። ልጄ ጓዳ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ትስቃለች፤ ባሌ ደግሞ ወገቡን ይዞ፣ «ለእኔም ቅዱልኝ» ይላል።