ላስቲክና የልብስ ቁልፍ

የልብስ ቁልፍ ጣሳ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ በሰማሁ ቁጥር እንግሊዝኛ ይመጣብኛል። በልጅነቴ መርካቶን ከሲኒማ ራስ እስከ ሰባተኛ ብታስሱ እንደኔ እንግሊዝኛ የሚችል አልነበረም፤ ፈረንጅ ራሱ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። እርግጥ ሰባተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ወድቄአለሁ። ክረምቱ ሲያልቅ የሚሰጠውን ድጋሚ ፈተና ካላለፍኩ ደግሞ ክፍሉን ደግሜ፣ ከታናሽ እህቴ ከዘሃራ ጋር አንድ ዴስክ ላይ መቀመጤ ነው። እሷም ይህን ስለምታውቅ «ጀማል፣ በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ እሺ?» እያለች ከወዲሁ ቦታ ትደለድል ነበር።

የጣሉኝ «ፊወር» እና «ለስ» ነበሩ። ሁለቱም «ያነሰ» ማለት ሆነው ሳለ፣ የመጀመሪያው ለሚቆጠር፣ ሁለተኛው ለማይቆጠር ነው ይላል ደብተሬ፤ እኔ ግን ሎተሪ እንደሚቆርጥ ሰው በዕድል ነበር የምሞላው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ የሱቃችንን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ክር፣ ቁልፍና ላስቲክ የምትሸጠው እናቴ ደብተሩን ጮክ ብዬ እንዳነብላት አዘዘችኝ። ፊደል አልቆጠረችም። ሰምታ ስትጨርስ ሳቀች።

«ይሄ ነው እንዴ የጣለህ? ቁልፍ ቆጥሬ ስሰጥ ምርቃት እጨምራለሁ?»

«አትጨምሪም።»

«ላስቲክ በክንዴ ስለካስ?»

«ጣት የምታህል ትጨምሪያለሽ።»

«በቃ! ምርቃት ያለው ለስ፣ የሌለው ያኛው። ወላሂ፣ ይሄን ሳትይዝ ኳስ የለም!»

ነሐሴን ሙሉ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ከሁለቱ ቃላት አንዱን ሳልጮህ ዕቃ አላቀብልም ነበር። «እትዬ ፋጡማ፣ ልጅዎን ጂኒ ያዘው እንዴ?» ሲሏት፣ «እንግሊዝኛ ነው የያዘው፤ ሳያልፍ አይለቀውም» ትላቸው ነበር።

ጳጉሜ ላይ ተፈተንኩ። ወረቀቱ ላይ «ውሃ» የሚል ሳይ ክንዴን ዘርግቼ በአየር ላይ ላስቲክ ለካሁ፤ ፈታኙ ለጎረቤቴ የምጠቁም መስሎት አንስቶ ፊት ለፊት አስቀመጠኝ። እዚያም ለካሁ። አለፍኩ።

ውጤት የተነገረ ቀን እናቴ ሱቋን ዘግታ መጥታ ነበር። ቲቸር «ጎበዝ! ማን አስጠናህ?» ሲሉኝ፣ እሷ ክር የሞላ ፌስታል ይዛ ከጎኔ ቆማ ሳለ፣ «ማንም፤ ራሴ» አልኩ። እሷ ፌስታሉን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችው።

ዛሬ ሱቃችን የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሞበታል፣ ላስቲኩም ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ ጣት የምታህል ምርቃት የለውም። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ፣ ክፍል ውስጥ ላስቲክ በክንዴ እየለካሁ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ይሄን ዘዴ ከየት አመጡት?» ይሉኛል። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ አሁን አምሳ ሊሞላኝ ነው፤ እስከ ዛሬ «ከራሴ» ነው የምላቸው።